የዛፍ ቅቤ

ልጄ አምስት ወር ሲሞላት ጉንጯና የክንዷ መታጠፊያ ቀልቶ መሻከር ጀመረ። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ መሃል ከተማ ወዳለው ቢሮዬ ተመልሼ ስለነበር፣ ቀን ቀን ሕፃኗን የሚጠብቁልኝ አማቴ ናቸው። አንድ ጠዋት በለውዝ ቅቤ ጠርሙስ የሞላ ቢጫ ቅባት ይዘው መጡ። ከፍቼ አሸተትኩት። ጭስ ጭስ ይላል።

«ምን ምን ገብቶበታል፣ እማማ?»

«ቅቤ ነው፤ የዛፍ ቅቤ» አሉና ጠርሙሱን ከእጄ ወስደው ከደኑት።

የዛፍ ቅቤ! አማቴ ከባለቤቴ ጋር የሚያወሩት በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛ የለመዱት ካደጉ በኋላ ነው። ቃል ጠፍቷቸው ይሁን ሊደብቁኝ ፈልገው መለየት አቃተኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «አንዳንድ ቅባት ሠሪዎች የፋርማሲ ክሬም ይቀላቅሉበታል፤ ቶሎ ያድናል፣ ኋላ ቆዳ ያሳሳል» ብላ አስፈራራችኝ። ጠርሙሱን ከዱቄቱ ዕቃ ጀርባ ሸሸግኩት። ለአማቴ ግን «እየቀባኋት ነው» አልኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት የልጄ ጉንጭ ለሰለሰ። እኔ የቀባኋት ነገር የለም። ጠርሙሱን አውጥቼ ሳየው ጎድሏል። ውጪውን በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት፤ በሦስተኛው ቀን ቅባቱ ከምልክቱ ወርዷል።

ከዚያ በኋላ አማቴን መከታተል ያዝኩ። በምሳ ሰዓት ሳልናገር በባጃጅ ከተፍ እላለሁ። ልጄን ታቅፈው እያንጎራጎሩ አገኛቸዋለሁ። ሰላም ስላቸው እጃቸውን አሸታለሁ። ምንም የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ገላዬን ልታጠብ ገብቼ ውሃው ተቋረጠብኝና ፎጣ አገልድሜ ወጣሁ። ባለቤቴ ልጃችንን አልጋው ላይ አጋድሞ ጉንጯን ይቀባል።

«እናትህ ናቸው ያዘዙህ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ስታክክ ማየት አልቻልኩም» አለ። «ደግሞ እናቴ እንደማትቀቢያት ታውቃለች። ዝም ያለችው እንዳታፍሪ ብላ ነው።»

አፈርኩ፤ ጥርጣሬው ግን አልለቀቀኝም። ያንኑ ዕለት አማቴ ቤት ሄጄ ሲሠሩት ማየት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ከጋምቤላ የመጣች ጎረቤታቸው የሰጠቻቸውን፣ ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ቅቤ ከፌስታል አወጡ። በጣሳ አድርገው የፈላ ውሃ ላይ አስቀመጡት፤ ሲቀልጥ ትንሽ ሰምና የአቮካዶ ዘይት ጨመሩበት፤ ከእሳት አውርደውም እስኪረጋ አማሰሉት። ጭስ ጭስ የሚለው ለካ ቅቤው ራሱ ነው። ቢሆንም ፌስታሉን ገልብጬ አየሁ፤ የዘይቱንም ጠርሙስ ከፍቼ አሸተትኩ።

«ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስትጠይቂኝ ፊትሽ ፖሊስ ይመስላል» አሉ። «ለፖሊስ ምን ይነገራል?»

አብረን ሳቅን። ሰኞ ግን «ለክትባት ነው» ብያቸው ልጄን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ጠርሙሱም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሐኪሟ ቆዳዋ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ማለስለስ እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። ቅባቱን አሸተተችና «እንዳልሽው ከሆነ አይጎዳትም። በማሽተት ብቻ ግን ምን እንዳለበት ልነግርሽ አልችልም» አለችኝ።

ልጄ አሁን ደህና ናት። አማቴ ዛሬም ቅባቱን ይሠሩልናል፤ እኔም በሚሠሩበት ቀን «ላግዝዎት» ብዬ እሄዳለሁ። ለእርዳታ እንዳልመጣሁ የሚያውቁ ይመስለኛል። ማማሰያውን ያቀብሉኝና ራቅ ብለው ይቀመጣሉ።