ቀትር ላይ የሚያዜመው ኮምፒውተር

ራዲዮ መጠገን ያስተማረኝ የለም። የወፍጮ ሞተር ገልብጬ መግጠምም፣ በስተርጅና ደግሞ ኮምፒውተር ከፍቶ መዝጋትም እንዲሁ። እንግሊዝኛዬ ራሱ ከዕቃ ካርቶን ላይና ከመመሪያ መጻሕፍት የተለቀመ ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር በእኔ እጅ ያላለፈ ቴፕ ካለ፣ ያልተበላሸ ቴፕ ነው። ይህን ስናገር አላፍርም፤ የሠራ ሰው ሥራውን ቢያወራ ነውር የለበትም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ዘመን መፍቻዬን ይዤ ከደጃፉ ላይ ያመነታሁበት ቤት አንድ ብቻ ነው። እሱም የታናሽ እህቴ ቤት ነው።

ባሏ መሪጌታ ነበሩ፤ ፍኖተ ሰላም ዳር ካለው ደብር ዜማ የሚያስተምሩ። ሚሌኒየሙ ሊከበር ሲቃረብ ልጃቸው ከባሕር ዳር ኮምፒውተር ላከላቸውና አጠቃቀሙን እኔ አሳየኋቸው። ማውሱን አልወደዱትም። «እኔ ከአይጥ ጋር ምን ጉዳይ አለኝ?» ይሉ ነበር። ማይክሮፎኑን ግን ወደዱት። ትምህርታቸውን በድምፃቸው መቅዳት ጀመሩ። አንዷን መስመር ያዜማሉ፣ «ተቀበል» ይላሉ፣ ተማሪው ተቀብሎ እንዲያዜም ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አይጧን ሳይነኩ እንዲሰሙት ብዬ፣ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያው ትምህርት በራሱ እንዲጀምር አድርጌ ሠራሁላቸው።

«እኔ ስደክም ይኼ ያስተምርልኛል» አሉኝ አንድ ቀን።

ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ በመጣው ክረምት ዐረፉ። የሙት ዓመታቸው ሲቃረብ እህቴ ስልክ ደወለች።

«ጋሸ፣ ይምጡልኝ።»

«ምን ሆንሽ እታለም?»

«በስልክ አይነገርም።»

«ስልክ የተሠራው ለመነገር ነው። ተናገሪ።»

«መሪጌታ ያዜማሉ» አለች። «ቀትር ቀትር ላይ። ማንም ሳይነካቸው። አንድ ቦታ ሲደርሱ ያቆሙና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ።»

ሐዘን አእምሮዋን ነካው ብዬ አዘንኩ። በማግሥቱ ጠዋት ከቡሬ ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ፤ ከዋናው መንገድ በጋሪ ወደ ሰፈሯ ገባሁ።

ቀትር በእኛ አገር ከሌሊት ይልቅ የሚፈራ ሰዓት ነው። ያን ሰዓት ወንዝ የሚወርድ የለም፤ ዋርካ ሥር የሚጋደም የለም፤ ሕፃን ብቻውን ደጅ አይተውም። እኔ እንኳ በዚህ አላምንም። የእህቴ ግቢ ስደርስ ግን ጥላዬ ከእግሬ ሥር ገብቶ ነበር፤ ከጎረቤት የሚሰማ ድምፅ አልነበረም፤ ከደጃፉ ላይ ለመግባት አመነታሁ። ጎረቤቶቿ ቀትር ሲደርስ በራቸውን እንደሚዘጉ በኋላ ሰማሁ።

እህቴ ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታዬን ተቀብላ «ይቀመጡ፤ መብራት ሊመጣ ነው» አለችኝ። በዚያን ወቅት መብራት በፈረቃ ነበር፤ በዚያ ሰፈር ጠዋት ይጠፋና ቀትር ላይ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዳንቴሉ ላይ የደረቀ ውኃ ምልክት አየሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አባ ጠበል ረጩበት።»

«ዳንቴሉ ባይኖር ገድለውት ነበር» አልኳት። አልሳቀችም።

መብራቱ መጣ። ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም፤ ኮምፒውተሩ ግን ተነሣ። ማራገቢያው መዞር ጀመረ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ የሲዲው ማስገቢያ እንደ ምላስ ወጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ተመልሶ ገባ። ቀጥሎ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አልዋሽም፤ ጠጉሬ ቆመ። ድምፁ በራሱ እንዲጀምር ያደረግሁት እኔ መሆኔን እያወቅሁ እንኳ ቆመ። የመጀመሪያዋን መስመር አዜሙ። «ተቀበል» አሉ። ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ መካከል ማሽኑ ድንገት ጠቁሮ ጠፋ፤ ወዲያው ራሱን ቀሰቀሰ። ምላሱን አወጣ፣ አስገባ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ያችኑ መስመር አዜሙ፣ «ተቀበል» አሉ፣ ጠፉ። ደግሞ ተነሡ። ሰው በሕልሙ አንድ ደጅ እየደበደበ የሚከፍትለት አጥቶ የሚመላለስ ይመስል ነበር። እህቴን አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣትም።

ሶኬቱን ነቀልኩት።

«አይንቀሉ ጋሸ» አለች፤ እጄን ግን አልያዘችም።

«ማን ማን አየው?» አልኳት።

አባ፣ ማለት የነፍስ አባቷ፣ ዕቃው ከቤት ይውጣ ብለዋል። ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር የሚሠራ ጎልማሳ መጥቶ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፎርማት ካልተደረገ አይድንም አለ። ፎርማት ማለት በውስጡ ያለውን ሁሉ መጥረግ ነው። ከሄደ በኋላ እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ቃሉ ነው።

«ምን አለሽ?»

«በዚህ ውስጥ ያለው የመሪጌታ ድምፅ የተቀዳበት ቀን፣ ኮምፒውተሩ ፋብሪካ ውስጥ ከመሠራቱ በፊት ነው አለኝ። ዕቃው ሳይኖር ድምፁ ነበር አለኝ።»

ይህን ስትል ወደ ማሽኑ አላየችም።

እሷ የፈራችው ግን መንፈሱን ብቻ አልነበረም። የመሪጌታ ተማሪዎች ከቋሪት ገበዝ ማርያም፣ ከሊበን፣ ከየገጠሩ ደብር ፍላሽ እያንጠለጠሉ መጥተው የመምህራቸውን ዜማ ሲገለብጡ ከርመዋል። ማሽኑን ያሳመመውን ቫይረስም ያመጡት እነሱ ናቸው፤ ከአንዱ ፍላሽ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ሌላው ፍላሽ። ይዘውት የሄዱት ሁሉ አገራቸው ሲደርስ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የመሪጌታ ድምፅ በምድር ላይ ካለ፣ ያለው በዚያ በታመመ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ከተጠረገ አለቀ።

«ለሙት ዓመቱ ተማሪዎቹ ይመጣሉ» አለች። «ድምፃቸውን እሰጣችኋለሁ ብያለሁ። ጋሸ፣ ይጠፋብኛል?»

«እኔ እያለሁ?» አልኳት። ያን ጊዜም አሁንም ያልኩት ከልቤ ነው።

ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። ማሽኑ በራሱ የሚነሣው መብራት ሲመጣ እንዲከፈት ሆኖ ስለተሠራ ነበር፤ እሱን ወዲያው አገኘሁት፣ አጠፋሁትም። እያጠፋ የሚያስነሣውና ምላሱን የሚያስወጣው ቫይረሱ ነው። በሌላ መንገድ፣ ቫይረሱ ሳይነቃ ማሽኑን አስነሣሁትና ከቡሬ ያመጣሁትን የቫይረስ ማጥፊያ ሲዲ ሰጠሁት። ማጥፊያው እንቢ አለ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን አነበብኩ፤ የአገልግሎት ዘመኔ ገና አልደረሰም ይላል። ዘመኑ ያለፈበት መድኃኒት አውቃለሁ። ዘመኑ ገና ያልመጣ መድኃኒት ግን ያን ቀን አየሁ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያንኑ መለሰ። እኛ የተቀመጥንበት ክፍል ገና ያልተፈጠረ ይመስል።

እህቴ ፊቴን አይታ «እርስዎም ፈሩ?» አለችኝ።

«አሰብኩ እንጂ አልፈራሁም።»

ከዚያ ዓይኔ በስክሪኑ ጥግ ባለችው ሰዓት ላይ ዐረፈ። ከስድስት ሰዓት ትንሽ ያልፋል ትላለች። የፈረንጅ ማሽን በቀትር አሥራ ሁለት ሰዓት ሊል ይገባው ነበር። ዘመኑን ከፍቼ አየሁ። የእኛ ዓመተ ምሕረት ነው።

መሪጌታ የፈረንጅ ዘመን ቤታቸው እንዲቆጠር አልፈቀዱም ነበር። አጠቃቀሙን ሳሳያቸው ያስተካከልኩትን ቀን እኔ እንደ ሄድኩ ለውጠውታል። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሰው፣ መስከረምን በጃንዋሪ ቦታ አስገብተው፣ በየወሩ መባቻ እያረሙ፣ ማሽኑ የማያውቃትን ጳጉሜን በእጃቸው እየጨመሩለት ኖረዋል። ካረፉ በኋላ የሚያርመው ስላልነበረ ቀኑ ከእኛም ከፈረንጅም ቀን ወጥቶ ብቻውን ይጓዝ ነበር። ድምፁ ከዕቃው ቀድሞ የተቀዳ የመሰለውም፣ መድኃኒቱ ገና ነኝ ያለውም ለዚህ ነው። ጎልማሳው ሰዓቷን አይቷታል፤ ያነበብኳት እኔ ነኝ።

ዘመኑን ለመለወጥ ማውሱን ስይዝ እህቴ ተነሣች።

«እሱን አይንኩ። እሳቸው በእጃቸው ያስቀመጡት ነው።»

«ካልነካሁት ድምፁ አይድንም።»

«የእሳቸውን ዘመን ነው የሚያጠፉት።»

«እበደረዋለሁ እንጂ አላጠፋውም። ሥራዬን ስጨርስ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ዘመኑን ወደ ፈረንጅ ሳስገባ ማሽኑ ለአንድ አፍታ ደረቀ፤ ከዚያ መድኃኒቱ እሺ አለ። የቫይረሱ ስሞች በስክሪኑ ላይ እየተነሡ ይወድቁ ጀመር፤ ፍላሽ በገባ ቁጥር አንድ የተጨመረ ይመስላል። ሲያልቅ የመሪጌታን ትምህርት ማኅደር ከፈትኩት።

ባዶ ነው።

«ጠፉ?» አለች እህቴ፤ ፊቷን ሳታዞር።

«ቆዪ።»

ቀትር ላይ ሲያዜም የሰማነው ድምፅ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ሊሆን ይችላል። ለማሽኑ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ የተደበቀውን ሁሉ ግለጥ የምትል አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ ይህችን መስመር በቃሌ የያዝኳት ማንም ሳይነግረኝ ነው። ተጫንኩ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ትምህርቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ እንደ ጉም ፈዘው፣ ቀጥሎ ደምቀው።

የመጀመሪያውን ከፈትኩት። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መስመሩን አዜሙ። «ተቀበል» አሉ። ሁለታችንም ማሽኑ ይጠቁራል ብለን ጠበቅን። አልጠቆረም። ያ ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተሰማ፤ ባዶም አልነበረም። ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ሆኖ፣ አንዲት ሴት መስመሩን ተቀብላ ዝቅ ባለ ድምፅ ታዜማለች። ስትጨርስ መሪጌታ ወደ ሁለተኛው መስመር አለፉ።

እጄ ማውሱ ላይ ቀረ። «ይቺ ማን ናት?» አልኩ።

እህቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። «እኔ ነኝ» አለች። «ጓዳ ሆኜ። ሁልጊዜ እቀበል ነበር። የሚሰማኝ አለ አላልኩም።»

ሌሎቹንም ከፈትን። በሁሉም ውስጥ አለች። መሪጌታ አንድም ቦታ አልቀደሟትም፤ ሳል የያዛት ጊዜ እንኳ እስክትጨርስ ጠብቀዋል።

«ይጠብቁኝ ኖሯል» አለች።

የሷን ድምፅ ለይቼ ላወጣው እንደምችል ነገርኳት፤ እችላለሁም። እንዳልነካው አለች። ዘመኑን እንደ ቃሌ መለስኩላት፤ ቀኑን ከእኛ ቀን ጋር አስተካክዬ።

ለሙት ዓመቱ ተማሪዎቹ መጡ። ዘመኑን ለዚያች ቀን ደግሜ ተበድሬ ነበርና፣ እኔ ሳላጸዳው የገባ አንድም ፍላሽ አልነበረም። ከቅዳሴና ከምሳ በኋላ፣ ከመገልበጣቸው በፊት፣ የመምህራቸውን ድምፅ እንዲሰሙ የመጀመሪያውን ትምህርት ከፈትኩላቸው። ክፍሉ ሞልቶ ነበር። መሪጌታ «ተቀበል» ሲሉ የተማሪዎቹ አፍ ተከፈተ፤ ከዚያ ሴቲቱን ሰሙና ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እህቴ ከጓዳ መስመሩን ተቀበለች። አንድ ድምፅ ከማሽኑ፣ አንድ ድምፅ ከጓዳ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ድምፅ ማጉያ እንደሚወጣ በጆሮዬ ብቻ የምለይ ሰው ነኝ፤ የሞተውን ራዲዮ ከሚሞተው ለይቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን የትኛው እንደቀደመ፣ የትኛውስ አሁን እየተሰማ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ከተማሪዎቹም የለየ አልነበረም።