የጋሼ መርፌ

አባቴ ግትር ነው። እኔንም የሚያውቁኝ ሰዎች ግትርነቴን ከየት እንዳመጣሁት አይጠፋቸውም። አምና መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጦት ወድቆ፣ ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ በር ሰብሮ እስኪገባ ድረስ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ ቆየ። አጥንቱስ ተረፈ፤ የኔ ልብ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ስልክ ሳያነሳ ከቀረ "አለቀ፣ ወድቋል" ብዬ ፀጉር ቤቴ ውስጥ እጄ ላይ ያለውን ማበጠሪያ ጥዬ እነሳለሁ። በመጨረሻ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ አጨናንቀን ሌላውን ለእሱ አሰናዳን። ቀለም ተቀባ፣ አዲስ ፍራሽ ተገዛ፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ።

ይህን ልነግረው ስሄድ ሶፋ እያለበሰ ነበር። አባቴ ሶፋ ሰሪ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሶፋ ሲገሽልጥና ሲያለብስ የኖረ። የማወራውን ሁሉ ምስማር በከንፈሩ እንደያዘ ሰማኝ። ከዚያ ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋና በአገጩ ወደ ጥጉ ጠቆመኝ።

"እሳቸውስ?" አለ።

እሳቸው ማለት ጥንቸሉ ናቸው።

አትሳቁ። ጥንቸሉ ቤታችን የገባው በሶፋ ተሳፍሮ ነው። አንዲት ደንበኛ ቤት ስትቀይር አሮጌ ሶፋዋን አልብስልኝ ብላ ላከች። አባዬ የታችኛውን ጨርቅ ሲቦጭቀው ከስፕሪንጎቹ መሀል አንድ ግራጫ ጎረምሳ ጥንቸል ዐይኑን አፍጥጦ ተገኘ። ሲደወልላት ሴትየዋ "የቤቴን ሽቦ በልቶ የጨረሰ ነው፤ ከሶፋው ጋር መርቄልሃለሁ!" ብላ ስልኩን ዘጋችው። እናቴ "በዚህ ቤት ወይ እኔ ወይ እሱ!" ብላ ፎከረች። በሳምንቱ ስመጣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጆሮውን ስታሻሸው አገኘኋት። በወጣትነቱ ስሙ "አንተ ሌባ" ነበር። እናቴ አርፋ አባዬና እሱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ጢሙም ሲነጣ፣ ማዕረግ አገኘና ጋሼ ተባለ። እኔም ለማላገጥ ብዬ አንቱ ማለት ጀመርኩ፤ በዚያው ለምዶብኝ ቀረ።

"ይዘሃቸው ና እንዳልልህ፣" አልኩት፣ "የባለቤቴን ነገር ታውቃለህ። የጥንቸል ፀጉር ገና ከሩቅ ሲያይ ያስነጥሰዋል፣ ዐይኑ ቲማቲም ይሆናል።"

"እንግዲያው ጋሼ እስካሉ ድረስ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። እሳቸው ሲያልፉ እንደፈለግሽ አድርጊኝ። ቃሌ ነው" አለና ምስማሮቹን ወደ አፉ መለሰ። ለአባቴ ይህ ማለት ስብሰባው ተበትኗል ማለት ነው።

ጋሼ በዚያው ሰሞን ውሃ ማብዛት ጀመሩ። ሳህናቸው ሲሞላ ይጠጣሉ፣ ሲሞላ ይጠጣሉ፤ የጠጡትን ደግሞ ስፖንጁም ላይ፣ ቆዳውም ላይ፣ የደንበኛ ትራስ ላይ ሳይቀር ይለቁታል። አባዬ ነገሩን እንደሚያፈስ ቧንቧ አየው፤ "ብዙ ቢጠጡ ነው ብዙ የሚሸኑት" ብሎ ውሃውን ቀነሰ። በሁለተኛው ቀን ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። አባዬ በካርቶን አቅፎ ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጠ፤ እኔንም በስልክ ጠራኝ።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ደማቸውን መርምራ መጣችና "ውሃውን የቀነሰው ማነው?" አለች። አባዬ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

"አባባ፣ ተገላቢጦሽ ነው። ኩላሊቱ ደክሞ ውሃውን መያዝ አቅቶታል። ስለሚሸና ነው የሚጠጣው። ውሃ ሲከለከል ይደርቃል።"

የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። "ይድናሉ?" አላት።

"መዳን እንኳ አይድንም። እንዲቀለው ማድረግ ግን ይቻላል።" ውሃ ከፊቱ እንዳይጠፋ፣ ቅጠሉ ውሃ እየተነከረ እንዲሰጠው፣ ከሥሩ እርጥብ እንዳይሆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ በመርፌ እንዲገባለት ነገረችን። ከረጢቱን ስታወጣ "ግሉኮስ ነው?" አልኳት፤ "አይደለም፣ ጨው ያለበት ውሃ ነው" አለችኝ። እኛ ግን እስከ መጨረሻው ግሉኮስ ስንለው ኖርን።

መርፌውን ለአባዬ ሰጠችው። ያ ወፍራም ቆዳ ሲሰፋ የኖረ እጅ መርፌውን ሲይዝ መደነስ ጀመረ። መዶሻ ሲይዝ አይታወቅበትም፤ ቀጭን ነገር ሲይዝ ነው የሚያጋልጠው። በሌላኛው እጁ ሊያረጋጋው ሞከረ፣ ሁለቱም ተያይዘው ተንቀጠቀጡ። ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠውና ወደ እኔ ገፋው።

እኔ ደግሞ መርፌ የምፈራ ሰው ነኝ። ልጆቼ ሲከተቡ ያለቀስኩት እኔ እንጂ እነሱ አይደሉም። "ኧረ በሕግ!" አልኩ። ማን ሊሰማኝ!

ፀጉር ቤቴ ከአባዬ ቤት አይርቅም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፀጉሯን በቢጎዲን የጠቀለልኩላትን ደንበኛ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስቀምጬ እበራለሁ። የመጀመሪያው ቀን የጋሼን ቆዳ በሁለት ጣቴ ከትከሻቸው ላይ አንስቼ፣ ዐይኔን ልጨፍን ስል ራሴን ተቆጥቼ፣ ወጋሁ። መርፌው በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ግሉኮሱ በሙሉ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ጋሼ በኋላ እግራቸው ወለሉን ጧ! አድርገው መቱት። ሲናደዱ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

"እኔ እንዲህ ብሰፋ ኖሮ፣" አለ አባዬ ፎጣ እያቀበለኝ፣ "ይሄኔ በረሃብ አልቀን ነበር።"

እየዋለ እያደረ ግን እጄ ለመደ። ከረጢቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረን ለብ እናደርገዋለን፤ አባዬ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጋሼን በፎጣ ጠቅልሎ ያቅፋል፤ እኔ እወጋለሁ። ጠብ ጠብ እያለ እስኪያልቅ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። ሲያልቅ ጋሼ ትከሻቸው ላይ እንደ በሬ ሻኛ አውጥተው እየተጎማለሉ ወደ ጥጋቸው ይሄዳሉ። አባዬም ከሥራቸው ሊቀየር የሚችል ስፖንጅ ቆርጦ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ አልብሶ፣ ለንጉሥ የሚሆን ፍራሽ ሠርቶላቸው ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን አባዬ የሚሠራልኝን ዳቦ በእንቁላል ቆሜ ጎርሼ ነበር የምወጣው። በኋላ ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ። አባቴ ወሬ የሚያበዛ ሰው አልነበረም፤ ያ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ግን እሱም ቀስ በቀስ ተከፈተ። እናቴን ሲያጭ ለአባቷ የሠራው ወንበር ገና ሽማግሌው ሲቀመጡበት እግሩ ተሰብሮ ሰርጉ ሊቀር ምንም እንዳልቀረው የነገረኝ ያኔ ነው። እናቴ ይህን አንድም ቀን አላወራችልኝም። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ፀጉር ቤት ውስጥ ምስጢር አይቀመጥም። "ጋሼ እንዴት ዋሉ?" ሳይባል ፀጉር አይታጠብም ነበር። አንድ ቀን አፏ የማያርፍ ደንበኛዬ ከካስኩ ሥር አንገቷን አውጥታ፣ "ቆይ እንጂ፣ ሰውየው የሚመጡት ጥንቸሉ ሲሞት አይደል? ታዲያ አንቺ በየቀኑ ዕድሜ የምትቀጥዪለት አብደሻል?" አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ሆዴ ገብቶ ተቀመጠ። እውነቷን ነበር፤ ጋሼን በወጋሁ ቁጥር አባዬን እዚያ የሚያዳልጥ ቤት ውስጥ አንድ ቀን እጨምረው ነበር። ባልወጋስ? እሱን ማሰብ አልፈለግሁም።

ክረምቱ እንዳለፈ ጋሼ እንዳይሆኑ ሆኑ። የጀርባቸው አጥንት እንደ መቁጠሪያ እየተቆጠረ መጣ። የኋላ እግራቸው ይከዳቸው ጀመር። ሰላጣውን አሽትተው ይተዉታል፤ ሲቀመጡ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። ሐኪሟ ዳብሳ፣ ደማቸውን አይታ፣ አንገቷን ነቀነቀች።

"የሚያፋጨው ስለሚያመው ነው። ከዚህ በኋላ መርፌው አይረዳውም። በእንቅልፍ ብናሳርፈው ይሻላል። ውሳኔው ግን የናንተ ነው።"

በመንገድ ላይ አባዬ ካርቶኑን እንዳቀፈ "አንቺ ወስኚ" አለኝ።

"እኔ? ያንተ አይደሉም እንዴ?"

"የምትወጊው አንቺ ነሽ። ገላቸውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

አሁን ይሄ ፍርድ ነው? ፍራሽ ገዝቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬ፣ የሳቸውን ማለፍ የምጠብቅ እኔ፣ "ይለፉ" ብል ምን ልባል ነው? አባዬ እንኳ ባይለኝ እኔው ለራሴ እለዋለሁ። ስለዚህ "እስቲ ትንሽ እንሞክር" አልኩ። ቅጠል ፈጭቼ በስሪንጅ አፋቸው ውስጥ ጨመርኩ። መርፌውንም አላቋረጥኩም። በየቀኑ "ዛሬማ ሻል ብሏቸዋል" እላለሁ፤ አባዬም "አዎ፣ ዐይናቸው ጠራ" ይላል። ሁለታችንም ዐይናችን እያየ እንዋሻለን።

ከዚያ አንድ ቀን ወጋሁና ጋሼ ዝም አሉ። እግራቸውን አልመቱም፣ ጆሯቸውን አላጠፉም፤ እንደ ጨርቅ ሆነው ተወጉ። ጥርሳቸው ብቻ ይፋጫል። አንጀቴን በሉት። መርፌውን ነቅዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

"አባዬ፣ እስካሁን ያቆየኋቸው ለሳቸው ብዬ አይደለም። አንተን ልወስድህ ብዬ የገደልኳቸው እንዳይመስልህ ነው!"

አባዬ የጋሼን ጆሮ ከሥሩ እስከ ጫፉ እየዳበሰ ቆየ።

"እንደዚያ አስቤሽ አላውቅም" አለ። "ግን ሁለታችንም ለየራሳችን ብለን ነው የያዝናቸው። ይበቃቸዋል። ካርቶኑን አምጪው።"

እኔ የራሴን ተናግሬ ነበር፤ የሱ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም።

ሐኪሟ ጋሼን ከአባዬ ጭን ላይ አላነሳቻቸውም፤ እዚያው እንደታቀፉ መጀመሪያ የሚያስተኛውን፣ ቀጥሎ ሌላውን ሰጠቻቸው። ማፋጨቱ ቆመ። ክሊኒኩ ጸጥ ሲል ለካ ያ ድምፅ ስንት ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ኖሯል! አባዬ ጎንበስ ብሎ "ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ" አላቸው። እጁ ጆሯቸው ላይ ነበር።

ለአንድ ደንበኛ ሶፋ ከተገዛ ከፋይ ጨርቅ ላይ ቆርጦ ገነዛቸው። "የሰው ጨርቅ አይደለም እንዴ?" ስለው "ይጠይቁኝ" አለኝ። ከግቢው ጀርባ ቀበርናቸው፤ አፈሩን ሁለታችንም በእጃችን መለስነው።

ቤት ገብተን እጃችንን እንደታጠብን "ቃሌን አልረሳሁም" አለ። "ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጂልኝ።"

ይህን ቃል ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ ሻንጣውን አወረድኩ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ አልጋው ላይ ከፈትኩለት። ሸሚዝ እያጠፈ ማስገባት ጀመረ። አንዱን አጥፎ አስገባ፤ ሁለተኛውን አጠፈና እጁ ላይ ያዘው።

"እናንተ ቤት ምሳ ሰዓት ማን አለ?"

"ማንም። እኔ ፀጉር ቤት፣ እሱ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። ማታ ማታ ግን ሁላችንም አለን።"

"እሺ" አለና ሸሚዙን አስገባ። ሦስተኛውን አነሳ፤ ይህኛውን ግን አላጠፈውም። ፊቱን ከሻንጣው ሳያነሳ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "እዚሁ ብሆን ኖሮ…" አለ። "ከነገ ጀምሮ የሚወጋ የለም። እንዲሁ ትመጪ ነበር?"

ያኔ ጋሼን የያዘበት የሱ ምክንያት ምን እንደሆነ ገባኝ። አልቅሼ ደግሞ ላስለቅሰው አልፈለግሁም።

"ነገ ምን ታበላኛለህ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "እንቁላል አለ" አለ።

ሸሚዙን ከእጁ ተቀብዬ፣ ያስገባቸውንም ሁለቱን አውጥቼ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ሰቀልኳቸው።