ልጄ ሆምስኩል ናት ያልኩ ጊዜ

ከአዳማ የወጣሁ ምሽት አባዬ የተዘጋውን ሻንጣ አስከፈተኝና የልጄን የመክሊትን የአንደኛ ክፍል ሰርተፍኬት ከልብሱ መሃል አውጥቶ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው። «ይሄ ከፓስፖርቱ ጋር ነው የሚሄደው» አለኝ። እኔን ከሰባተኛ ክፍል አስወጥቶ ሱቅ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ሁለታችንም አላነሳነውም።

ዲቪው የደረሰኝ ከአባቷ ከተለያየን በኋላ ስለነበር ልጄን ይዤ ብቻዬን ላስ ቬጋስ ገባሁ። አሊያንቴ የሚባል ሰፈር ጋሽ ደምሴ ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ጀመርኩ። ሙቀቱን መተሃራን የሚያውቅ ይገምተው፤ መተሃራ ግን ቢያንስ ጥላው ሥር የሚያወራ ሰው አለ። መክሊት ማንበብ ስለሚያስቸግራት ትምህርት ቤቱ ለብቻዋ የምታስነብባት አስተማሪ መደበላት። ደስታዬን አልነግራችሁም። ከዚያ ኮሮና መጣና ትምህርቱ በላፕቶፕ ሆነ።

ያን ሰሞን እኛ ሐበሾች «ልጆቹስ?» ሲሉን «ሆምስኩል ናቸው» ነበር መልሳችን። ቤት ናቸው፣ ይማራሉ፤ ሌላ ምን ይባላል? አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀመር ኢንተርኔት ላይ የሆምስኩል ፎርም አገኘሁና ማንንም ሳልለምን ራሴ ሞላሁት። ምን ትማራለች ለሚለው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። «ደርሶናል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣልኝ እንደ ዲፕሎማ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑ አላስገባም አለ። ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ በጣም ትሁት ናት፤ ያስፈራኝም ትሕትናዋ ነው።

«ልጅዎ ከመዝገባችን ወጥታለች» አለችኝ።

«ወዴት ሄደች?»

«ሆምስኩል።»

«እኮ፣ ይኸው ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ያጣሁት አስተማሪዋን ነው።»

«አስተማሪዋማ እርስዎ ነዎት። የፈረሙት ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ራሴ አስተምራታለሁ ብለው ነው።»

ወላጅ ልጁን ለማስተማር ሕጉ ዲፕሎማ አይጠይቅም አለችኝ፤ ያጽናናችኝ መስሏታል። ላፕቶፑ ለትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ልጅቷን ልመልስ ካልኩ እዚያ ሰፈር እንደምኖር የቤቱ ባለቤት የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። እስከ ዓርብ ካልመጣ የማስነበቢያው ቦታ ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም። ሺፍት ስገባ መክሊትን የሚያዩልኝ እሳቸው ናቸው። ክፍል ማከራየታቸውን የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰምቶ እንዳይቀጣቸው ግን ይፈራሉ።

«እዚህ እንደምኖር ብቻ ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«እዚህ አትኖሪማ፣ የኔ ልጅ። እንግዳዬ ነሽ።»

«አሥራ አንድ ወር የቆየ እንግዳ፣ ጋሽ ደምሴ?»

«በኛ አገር እንግዳ ቀን ይቆጠርበታል እንዴ?»

ኪራዩን በየወሩ መጀመሪያ የሚቆጥሩት ሌላ ሰው ይመስል።

ማክሰኞ ማስተማር ጀመርኩ። ሩብና ግማሽን አባዬ ሱቅ ሳለሁ በመዘንኩት ስኳር አስረዳኋት፤ ወዲያው ገባት። ንባቡ ላይ ግን አንድ ቃል ያዘንና ሁለታችንም ቆምን። እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ ስልኬን አያለሁ። ረቡዕ ጋሽ ደምሴን እንደገና ለመንኳቸው፤ «እስቲ ላስብበት» አሉኝ።

ሐሙስ አባዬ ደወለ። ወረቀቱ እንዳልተጻፈ ነው፣ ጋሽ ደምሴም ከክፍላቸው አልወጡም። ስለ በሽታው ጠየቀኝ፣ ስለ ሥራው ጠየቀኝ፤ ከዚያ እንደፈራሁት ወደ መክሊት መጣ።

«ትምህርቷስ?»

«ትማራለች፣ አባዬ።»

«አስተማሪዋ ጎበዝ ናት?»

«ትሞክራለች» አልኩት።

«መሞከር ምን ያደርጋል? የተማረች ናት ወይ?»

ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩትን ደብዳቤ አየሁ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎት ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አለ።

«አለሁ፣ አባዬ።»

«ስሟ ማን ይባላል?»

መክሊት እርሳሷን አስቀምጣ ምን እንደምል ትጠብቃለች።