ደረጃው ላይ ያለው ፉጨት

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ እያረረ እሱ ይስቃልና። የሟች ወንድሜ ሚስት ግን አትስማማም። «ጥርስስ ሲያመው ይናገራል» ትላለች፤ «ባዳው ምላስ ነው።»

ወንድሜ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሥራ ሲመለስ ደረጃውን እያፏጨ ይወጣል፤ እሷም ፉጨቱን ስትሰማ የሻይ ውኃ ትጥዳለች። አንድ ጊዜ የመንጋጋ ጥርሱ ምላሱን እንደሚፍቀው ነገረን። የሄደበት የጥርስ ሐኪም ጥርሱን ነቀለለት። በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሎ ስለነበር የተጠየቀውን ሠርቶ ሸኘው፤ ምላሱን ገለጥ አድርጎ ያየ ግን አልነበረም። ምላሱ ጎን ላይ ያለችው፣ የምስር ፍሬ የምታህለው ነጭ ቁስል ካንሰር መሆኗ ሲታወቅ ነገሩ ወደ አንገቱ ወርዶ ነበር። መጀመሪያ ፉጨቱ ሄደ፤ ቀጥሎ ንግግሩ፤ በመጨረሻ ራሱ።

ከቀብሩ በኋላ ፉጨቱ ተመለሰ፤ ለእሷ ብቻ።

«ጋሼ፣ ሰሙት? ደረጃው ላይ ነው» ትለኛለች። በሬ ከበሯ ትይዩ ነውና ወጥቼ አያለሁ፤ ማንም የለም። ዕድሜዬን ፍልስፍና ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ሙታን እንደማያፏጩ በእርጋታ አስረዳኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፤ «ውኃው ግን ተጥዷል።»

በዚያው ሰሞን በከተማችን ያለው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የአፍ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። እሷም ልትማር ልጆቿ ከሚሆኑ ሴቶች ጎን ተቀመጠች። እህቷ አሾፈችባት፦ «በዚህ ዕድሜሽ የማንን ጥርስ ልትነቅይ ነው?»

«ነቃይስ ሞልቷል። የጠፋው የሚያይ ነው።»

ተመርቃ እዚያው አስተማሪ ሆነች። ተማሪዎቹ ታካሚ የሚያዩበትን አዳራሽ አይቼዋለሁ። በደረት ከፍታ መከለያ ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንድ በኩል ጥርስ የሚያጸዱት፣ በሌላው ሐኪም ለመሆን የሚማሩት። አጽጂዋ ያጠራጠራትን ነገር ስታይ በመከለያው ላይ ብቅ ብላ ትጣራለች፤ ሐኪሙ ልጅ ዞሮ ይመጣል። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ባይማሩ ያ ጥሪ ከማንም ጆሮ አይደርስም ነበር። ሰው ለጽዳት ሲመጣ አንዱን የታመመ ጥርስ ሳይሆን መላ አፉን ይዞ እንደሚመጣ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

የእሷ ደንብ አንድ ነበር፦ የምላሱ ጫፍ በፋሻ ተይዞ ግራ ቀኙና ሥሩ ሳይታይ ማጽጃው ብረት አይነሳም። ተማሪዎቹ በስተኋላዋ «እትዬ ምላስ» ይሏታል። ያላወቁት ነገር ነበር። ታካሚው አፉን ከከፈተበት ቅጽበት ጀምሮ ፉጨቱ ይሰማታል፤ ምላሱ ሲታይ ዝም ይላል።

ጡረታ ስትወጣ እንቅልፍ አጣች። «ጋሼ፣ እኔ ከሌለሁ ምላስ ማየቱን ይረሱት ይሆን? ከረሱት ወንድምዎ አያርፍም።»

ባለፈው ወር ጥርሷን ለማስጸዳት እዚያው ትምህርት ቤት ሄደች፤ እኔም አጀብኳት። የደረሰችን አዲስ ሠልጣኝ ናት፤ ከእሷ ጡረታ በኋላ የገባች፣ ጭራሽ የማታውቃት። ወንበሩን ዝቅ አደረገች፣ መብራቱን ሳበች፣ እጇ ወደ ብረቱ ሄደ። የወንድሜ ሚስት ጣቶች የወንበሩን ክንድ ጨመደዱት። ምን እየሰማች እንደሆነ አውቄያለሁ። እኔ አልሰማም፤ ግን ትንፋሼን ያዝኩ።

ልጅቷ ብረቱን አስተካክላ አስቀመጠችና ፋሻ ቀደደች።

«እማማ፣ በመጀመሪያ ምላስዎን ላየው።»

ግራውን፣ ቀኙን፣ ሥሩን አየች። «ሰላም ነው።»

«ማን አስተማረሽ፣ ልጄ?»

«ማንም። እዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው።»

ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃው ግማሽ ላይ ቆመች። ብዙ አዳመጠች። «ሄደ፣ ጋሼ» አለችና እንባዋ ወረደ። የደስታ ነው ለማለት አልደፍርም። ሞቱን እንደገና ያረዷት ትመስል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውኃ የምትጥደው ራሷ ሻይ ሲያምራት ብቻ ነው። እኔ ግን፣ ሙታን አያፏጩም ያልኩት ሰውዬ፣ አመሻሽ ላይ በሬን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። ደረጃው ጸጥ ብሏል። እንዲህ ጸጥ ሲል ሰምቼው አላውቅም።