ወለላ የተደበቀውን ሞገድ ስትፈልግ

ወለላ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን። ያኔ ከዶርም ወጥተን ሣር ላይ ቁጭ ብለን ኮከብ ስናይ የነበርን ልጆች ዛሬ ተበታትነናል፤ ሰማዩን ያልተወችው እሷ ብቻ ናት።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ካለ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ጋር መሥራት ጀመረች። የሚፈልጉት ከሚሽከረከሩ የኒውትሮን ኮከቦች የሚመጣ የስበት ሞገድ ነው። ይህንን ለተማሪዎቿ ልታስረዳ ውሃ የሞላ ባልዲና ማንጎ ይዛ ክፍል ገባች።

"ኮከቡ ከፀሐይ ይከብዳል፤ ስፋቱ ግን ከዚህ ኢታንግ ከተማ ድረስ ያለውን መንገድ ግማሽ አያክልም። በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይሾራል። ፍጹም ድቡልቡል ከሆነ ዝም ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ እብጠት ካለው ግን..." ብላ ማንጎውን ውሃው ላይ አሾረችው። ሞገዱ እየተከታተለ የባልዲውን ጠርዝ መታ።

ኛማል የምትባል ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?"

"እስካሁን ማንም አልሰማውም። አንቺ ከሰማሽው ይመጣል።"

ቡድኑ ለአንድ ሰው ሞገዱን የሚፈልግበት የሰማይ ድርሻ ከመስጠቱ በፊት ይፈትነዋል። መሪው ዶክተር አቤኔዘር ከሞገድ መቀበያ መሣሪያ በተቀዳ መረጃ ውስጥ ሐሰተኛ ሞገድ ደብቆ ይልካል፤ ተፈታኙ በጻፈው ፕሮግራም ፈልጎ ማውጣት አለበት። ወለላ ወር ሙሉ ፈልጋ አጣችው። ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ካልላከች ድርሻዋ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ምድር አለመቆሟ ነው። ባጃጅ ክላክስ እያደረገ መጥቶ ሲያልፍ ድምፁ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ ምድር ወደ ኮከቡ ስትጠጋና ስትርቅ የሞገዱ ምት ይለዋወጣል። ፕሮግራሙ በዚያች ሰዓት ምድር ፊቷን ወዴት እንዳዞረች ካላወቀ ሞገዱ ተበትኖ ይጠፋል።

እኔ በዚያው ሰሞን ጋምቤላ ነበርኩና ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ ስደርስ ማራገቢያው ወደ ላፕቶፑ ዞሮ፣ እሷ በላብ ተጠምቃ አገኘኋት።

"ትቼዋለሁ" አለችኝ። "ይልቅ ጸጋአብን ልቀበለው።" ጸጋአብ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ይመጣል።

ደንበኛዋ ባለባጃጁ ኳች በር ላይ ቆሟል። "ቲቸር፣ አውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?"

"ትኬቱ አሥር ይላል።"

"አሥር የፈረንጅ ነው የኛ? ባለፈው አንድ ሰው የኛን የፈረንጅ ነው አለኝ፤ ፀሐይ ላይ እንደ ዓሣ ደረቅሁ።"

"የፈረንጅ ነዋ። ስድስት ትቀንሳለህ፣ አራት..."

አልጨረሰችውም። አንድ እግሯ ባጃጁ ውስጥ፣ አንዱ መሬት ላይ እንደሆነ ቀረች።

"ቀነስኩ" አለች። "እዚያም ቀንሻለሁ።"

ወደ ቤት ስትሮጥ ተከተልኳት። ዶክተሩ መረጃው የሚጀምርበትን ሰዓት፣ ፕሮግራሙ በሚፈልገው በፈረንጅ ሰዓት፣ ዘጠኝ ብሎ ልኮላት ነበር። እሷም የፈረንጅ ሰዓት ስናይ ሁላችንም እንደምናደርገው ሳታስበው ስድስት ቀንሳ ሦስት ብላ አስገብታለች። በፕሮግራሟ ውስጥ ምድር ወር ሙሉ ሩብ ዙር ተሳስታ ነበር።

"ጸጋአብስ?" አልኳት።

አንገቷን በመስኮት አወጣች። "ኳች፣ አንተ ሂድና አምጣልኝ። መልኩ እኔን ነው፤ ራሰ በራ ብቻ ነው።"

"አንቺን የሚመስል ራሰ በራ" አለ ኳች ባጃጁን እያስነሳ። "እሱማ አይጠፋኝም።"

ሦስቱን ዘጠኝ አድርጋ አስጀመረችው። መብራት እንዳይጠፋ በልቤ እየለመንኩ ከኋላዋ ቆምኩ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ዝቅ እንዳለ ሄደ፣ ሄደ፤ ከዚያ አንድ ሹል ጫፍ ብድግ አለ። ሌላው ሁሉ ሣር፣ እሱ ብቻ ዘንባባ። ወለላ ትከሻዬን በቡጢ ስትመታኝ ለብዙ ዓመታት ያላየኋትን ልጅ ያየሁ መሰለኝ።

ላከችው። ብዙም ሳይቆይ ዶክተር አቤኔዘር ደወለ።

"አግኝተሽዋል። የት ጠፍቶብሽ ነው የቆየው?"

"ስድስት ሰዓት ቀንሼበት።"

ረጅም ሳቅ ሳቀ። "ይቺን ስሕተት ከእኛ አገር ሰው በቀር ማን ይሠራታል? በይ፣ ድርሻሽን እየላክሁልሽ ነው።"

ጸጋአብ ሻንጣውን ይዞ ሲገባ "እህቴ፣ በሹፌር አስቀበልሽኝ፤ ትልቅ ሰው ሆነሻል ለካ" አለ። ወለላ አገላብጣ ሳመችው፤ ዐይኗ ግን አዲሱ መረጃ እየወረደ ካለበት ስክሪን አልተነቀለም።

"እዚህኛው ውስጥ ማንም ምንም አልደበቀም" አለችው። "ካለ፣ የደበቀው ኮከቡ ራሱ ነው።"

ወንድሟ ምሳ አልበላም፣ እኔም አልበላሁም። ወንበር ስበን ከጎኗ ተቀመጥን፤ እሷም ፍለጋውን ጀመረች።