ቴኳንዶ በቀራንዮ ሜዳ፣ ሻምበሉ የመጡበት ቀን

ያን ዓመት ተማሪው በየቦታው በመንግሥት ላይ ስለተነሣ፣ ሦስት ተማሪ አብሮ ከቆመ አድማ ነው ይባል ነበር። እኔ ደግሞ መምህር ሆኜ በምሠራበት የቀራንዮ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ሃያ ተማሪዎች አሰልፌ ከትምህርት በኋላ ቴኳንዶ አስተምር ነበር። እኔን ያስተማሩኝ ኮሪያ የዘመቱ ጎረቤቴ የሃምሳ አለቃ ናቸው። ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በእረፍት ሰዓት ሲደባደቡ የሚውሉ ልጆች መታገሥ ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ አንድ የፖሊስ ሻምበል ይዘው መጡ። ሻምበሉ ይህ ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ማስረዳት ስለምወድ ከሥሩ ጀመርኩ። በእግር መምታት የኮሪያ የቆየ ልማድ እንደሆነ፣ ስሙ ግን በቅርብ ጊዜ እንደወጣለት ተናገርኩ።

«ጃፓን አገራቸውን በያዘች ጊዜ ተከልክሎ ነበር፤ የሚለማመዱት በድብቅ ነበር» አልኩ።

«በድብቅ?» አሉ ሻምበሉ። «በመንግሥት ላይ?»

የጃፓንን መንግሥት ማለቴ ነው ብልም አልሰሙኝም። ጎበዙ ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሳላስበው ዓይኔ ወደ አንዱ ልጅ ሄደ። ታላቅ ወንድሙ በአድማ ታስሯል። ዳይሬክተሩም ይህንኑ በሻምበሉ ጆሮ አንሾካሾኩ። ለሚኒስትሪ ፈተና የቀረው ሦስት ሳምንት ነው፤ ልጁ እጁን ቢያነሣ ፈተናው ቀርቶ ወንድሙ ዘንድ መሄዱ ነው።

ሻምበሉ ጠሩትና ደረቱን ገፉት። «እስቲ ምታኝ፣ ጀግናው። ወይስ እንደ ወንድምህ በድንጋይ ብቻ ነው?»

ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ደግመው ገፉት። የግራ እግሩ ሲዞር አየሁ፤ ምቱ የሚነሣው ከዚያ ነው። እግሩ ተመለሰ። ተረከዙን ገጥሞ ጎንበስ አለ።

እኛ ግጥሚያ የምንጨርሰው እንዲህ ነው። ሻምበሉ ግን ፈርቶ እጅ የነሣቸው መሰላቸው።

«ምንም አያውቅም እኮ ይኼ» ብለው ሳቁ።

«አዎ ጌታዬ፣ ምንም አያውቅም» አልኩ።

ልምምዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ልጁ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ እውነት ምንም አላውቅም?»

ዳይሬክተሩ ከበረንዳው ሆነው ያዩን ነበር። «ግባና ወንበርህ ላይ ተቀመጥ» አልኩት፣ ካሰብኩት በላይ ቆጣ ብዬ። ገባ። ፈተናው እስኪደርስ አንድም ቀን አልቀረም፤ እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም።