ሳልተረጉመው የቀረው ግማሽ

«ግማሹን ነው የነገርሻቸው! አትቁለጭለጪብኝ፤ ሂጂና ጨርሺላቸው» አለችኝ ነርሷ ሲስተር ብርቄ፣ ጎባ ላይ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

እውነቷን ነው። ካንሰር የያዛቸውን ልጆች ከነወላጆቻቸው አዲስ አበባ አደርሳለሁ፤ ሐኪሙ የሚለውን በኦሮምኛ እነግራቸዋለሁ። የስድስት ዓመቷ ነኢማ አንገት ላይ የነበረው እብጠት የጠፋ ጊዜ ሐኪሙ «ደስ ይላል፤ ግን ሦስት ዙር መድኃኒት ይቀራታል፤ ካቋረጠች ይመለሳል» አለ። እኔ መጥፋቱን ብቻ ተረጎምኩ። እናቷ አዴ ዘይነባ በደስታ ስታለቅስ፣ የቀረውን ውጭ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ውጭ ስንወጣ ላገኘችው ሁሉ ቴምር ታድላለች። ሳልነግራት ቀረሁ። በዚያው አገራቸው ገቡ። ሁለት ቀጠሮ አለፈ፤ ስልካቸውም አይሠራም።

ጠዋት 12:30፣ ከጎባ ወደ ደሎ መና

ሰነቴ አምባ ላይ ጉሙ የጅብራ ተክሎቹን ውጧቸዋል። ቀይ ቀበሮ መንገድ ሲያቋርጥ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አወጣ። እኔ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። ሐረና ጫካ ስንገባ ጃኬት ሁሉ ወለቀ። የማር ጀሪካን እግሯ ሥር ያስቀመጠች ሴት ገላመጠችኝ።

«ሰርግ ነው የምትሄጂው?»

«አይ።»

«ታዲያ ምን ያቁነጠንጥሻል? ወንበሩን ሰበርሽው እኮ!»

ከሰዓት፣ ደሎ መና

ነኢማ ከግቢው በር «አዳዳ!» እያለች ሮጠች፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ሳቅፋት አንገቷ ላይ ጣቴ አንድ ነገር ነካ። ባቄላ ያህላል።

ወተት ቀረበልኝ። ሳልቀምሰው ሁሉንም ተናገርኩ። አዴ ዘይነባ የልጅቷን ሻሽ ፈትታ መልሳ አሰረችው። የጠየቀኝ አባትየው ኦቦ ከድር ነው።

«ሐኪሙ ያን ቀን ተናግሮ ነበር?»

«ተናግሯል።»

«አንቺስ ሰምተሻል?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እኛ እኮ ስምሽን እየጠራን ዱዓ ስናደርግልሽ ነው የከረምነው።»

ወተቱ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ነገ እንሄዳለን» አለ። «አስተርጓሚ ግን ሌላ ፈልጊልን።»

በማግስቱ፣ መናኸሪያ

ሲስተር ብርቄ ጎባ ላይ ትቀበላቸዋለች፤ ሌላ አስተርጓሚም አግኝታለች። ለራሴ የቆረጥኩትን ትኬት ለኦቦ ከድር ሰጠሁት።

ነኢማ በመስኮት ብቅ አለች። «አዳዳ፣ ግቢ እንጂ!»

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«ጥፋት አጥፍቻለሁ። አባትሽ አዝነውብኛል።»

አዴ ዘይነባ መስኮቱን ዘጋችው። አውቶቡሱ ሽቅብ ወደ ጫካው ሄደ። ቦርሳዬን አንስቼ ቀጣዩን መኪና ለመጠበቅ ወደ ሰልፉ ሄድኩ።